ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ደጁ የማን ነው?

ባሕር ዳር ላይ ማታ ቤት ዘግቶ መቀመጥ ይከብዳል። በተለይ ከመጋቢት እስከ ግንቦት። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ 30 ዲግሪ ግድም ይደርሳል። ቆርቆሮው ቀን የሰበሰበውን ሙቀት ማታ ወደ ውስጥ ይለቀዋል። ስለዚህ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሰው ይወጣል። ዘንባባው ሥር የሚንሸራሸር አለ። ጣና ዳር ቁጭ ብሎ የተጠበሰ ዓሣ የሚበላ አለ። ግሮሰሪ በር ላይ ወንበር ስቦ ድራፍት የሚያዝም አለ።

እኔ ይህን ምሽት እወደዋለሁ። ጓደኞቼን የማገኘው እዚያ ነው። የልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የቤት ኪራይ፣ ታሞ ስለሚጠየቅ ሰው፣ ስለ እድር መዋጮ፣ ሁሉም የሚወራው ደጅ ላይ ነው። አንድ ጃምቦ ይዞ ሁለት ሰዓት የሚቀመጥ ሰው አለ፤ ማንም ተነሣ አይለውም። አንዳንዱ ምንም ሳይጠጣ አምቦ ውኃ ይዞ ይጫወታል። ይህ ከጠፋ ከተማችን ብዙ ነገር ይጎድላታል። ስለዚህ ደጅ ላይ ስለመቀመጫ ሰዓት ስጽፍ የመጠጥ ቤት ጠላት ሆኜ አይደለም።

የምኖረው ግን ከአንድ ግሮሰሪ ግቢ አጥር ጀርባ ነው። ግሮሰሪው ፊቱን ወደ አስፋልቱ አዙሯል። ጀርባው የእኛ ሰፈር ነው። በባሕር ዳር ብዙ ቦታ እንዲህ ነው፤ ፊቱ ንግድ፣ ጀርባው መኖሪያ። ከመንገድ የሚመጣ ደንበኛ የሚያየው ፊቱን ብቻ ነው። ከወንበሩ ጀርባ ባለው ግንብ ማዶ ሰው ተኝቷል ብሎ የሚያስብ የለም። እንዴትስ ያስበው? አይታየውም።

እዚያ ማዶ ያለውን ልንገራችሁ። በሰፈራችን ብዙው ቤት ጭቃ ግድግዳ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ነው። ኮርኒሱ ማዳበሪያ ወይም አቡጀዲ ነው። ጣሪያውና ግድግዳው በሚገናኙበት ቦታ ክፍተት አለ። አየር እንዲገባ ሆን ተብሎ የተተወ ነው። አየር የሚገባበት ቀዳዳ ደግሞ ድምፅም ያስገባል። «መስኮት ዝጉ» ማለት ቀላል ነው። በሚያዝያ ሌሊት መስኮት ዘግቶ አጎበር ውስጥ መተኛት ምን እንደሚመስል የጣና ዳር ሰው ያውቀዋል። አጎበሩን እንዳንተወው ወባ አለ። መስኮቱን እንዳንዘጋው ሙቀት አለ። ከፍተን ስንተኛ ሞንታርቦው ክፍላችን ውስጥ ይገባል።

የሚተኛውስ ማን ነው? እንጀራ ጋግራ የምታከፋፍል ሴት አለች፤ ምጣዷን የምትጥደው ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ነው። ለኪዳን የሚነሡ አባት አሉ። ሆስፒታል የሚሠራ ነርስ አለ፤ ተረኛ ሆኖ አድሮ የመጣ ቀን እንቅልፉን የሚጀምረው በጊዜ ነው። የ12ኛ ክፍል ተማሪ አለች። ጨቅላ ልጅ ያላቸው እናቶች አሉ። እነዚህ ሰዎች ሌላው ሰው እንዳይጫወት አይፈልጉም። ጠዋት ሥራ አለባቸው፤ ሌላ ነገር የለም።

ጠቡ እንዴት እንደሚጀምር ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። መጀመሪያ ሰው ይታገሣል። ቅዳሜ ነው ይላል፣ በዓል ነው ይላል። ከዚያ ልጅ ይላካል፤ «አባዬ ትንሽ ቀንሱልን ብሏል» ይላል ልጁ። አስተናጋጇ ትቀንሳለች። ትንሽ ቆይቶ አንድ ደንበኛ «ምነው ቤቱ ቀዘቀዘ?» ይላል፤ ድምፁ ይመለሳል። በሌላ ቀን የቤቱ አባወራ ራሱ ይሄዳል። ባለቤቱ «ፈቃድ አለኝ፣ ግብር እከፍላለሁ» ይለዋል። ቀጥሎ ደንብ አስከባሪ ይጠራል። ደንብ አስከባሪዎቹ በር ላይ ሲታዩ ሙዚቃው ይጠፋል፤ ሲሄዱ ይከፈታል።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ከድምፅ ይወጣል። አንዱ «ምቀኛ» ይባላል። ሌላው «የሰካራም ሰብሳቢ» ይባላል። ለቅሶ ቤት ተገናኝተው ሰላም የማይባባሉ ሰዎች ይፈጠራሉ። በእኛ አገር ለቅሶ ላይ ፊት መዞር ምን ያህል ከባድ እንደሆነ መናገር አያስፈልገኝም። በጊዜ አንድ ሰዓት መቁረጥ ይበቃ ለነበረ ጉዳይ ጉርብትና ይፈርሳል።

የእኛ ሰፈር እዚያ ሳይደርስ ሰው ገባበት። ባለፈው ዓመት የእድሩ ዳኛ ሁለቱንም ወገን ቤታቸው ጠሩ። እኔም የሁለቱም ወዳጅ ስለሆንኩ ተጠራሁ። ቡና ተፈላ። መጀመሪያ የግሮሰሪው ባለቤት ተናገረ። ዝግጁ ሆኖ ነው የመጣው። ብዙው ሽያጩ ከምሽቱ ሁለት እስከ አምስት ሰዓት ያለው ነው። ደጅ ያሉት ወንበሮች ውስጥ ካሉት ይበዛሉ። በሞቃት ወራት ውስጥ የሚገባ የለም። የቤቱ ኪራይ በየጊዜው ይጨምራል። አስተናጋጆቹ ኑሯቸው ቲፕ ላይ ነው፤ ቲፕ ደግሞ የሚገኘው ማታ ነው። «በሁለት ሰዓት ዝጋ ካላችሁኝ ዝም ብዬ ቁልፉን ላስረክባችሁ» አለ። እውነቱን ነው። እነዚያ ልጆች በወር መጨረሻ ምን ይዘው ወደ ቤታቸው እንደሚሄዱ አውቃለሁ።

ከዚያ እማማ ተናገሩ። ግንቡን ተጋርተው የሚኖሩት እሳቸው ናቸው። ደም ግፊት አለባቸው። ሁላችንም ይጮኻሉ ብለን ጠብቀን ነበር፤ ቀስ ብለው ነው የተናገሩት።

«ልጄ፣ ቤትህ ይዘጋ አላልኩም። እንጀራህ ነው። ሰዓቱን ግን ንገረኝ። አንድ ቀን አራት ሰዓት ያልቃል፤ አንድ ቀን ስድስት ሰዓት ያልቃል፤ አንድ ቀን ጭራሽ አያልቅም። መቼ እንደሚያልቅ ባውቅ እስከዚያ ጸሎቴን አድርጌ እጠብቃለሁ። ሳላውቅ ስጠብቅ ነው የምታመመው።»

«እማማ፣ ይህን እኮ ቀድመው ቢነግሩኝ…» አለ ባለቤቱ።

«ልጅ ልኬብህ ነበር» አሉት።

እኔ ከዚያ ስብሰባ ይዤ የወጣሁት ይህን የእማማን ንግግር ነው። ስለ ድምፅ ስንከራከር ሁሌ የምናወራው ስለ መጠኑ ነው፤ በዛ፣ አነሰ። የተኛን ሰው የሚያስጨንቀው ግን ማለቂያውን አለማወቁም ነው። የሠርግ ድንኳንን አስቡት። ድንኳን መንገድ ይዘጋል፣ ሞንታርቦ ይተክላል፣ ሌሊቱን ሙሉ ይጨፈራል። ማንም አይከስም። ለምን? ቀድሞ ተነግሮናል። ተጠርተንም በልተናል። ነገ ደግሞ ድንኳኑ ይነሣል። ግሮሰሪ ግን ነገም አለ፤ ከነገ ወዲያም አለ። የሚያልቅበት ሰዓት ካልተነገረን ልባችን አያርፍም።

መጠኑም ቢሆን ታዲያ ቀላል አይደለም። ስለ ድምፅ ጥቂት ነገር ማወቅ ብዙ ክርክር ይቀንሳል። ሁለት ሰዎች በተለመደ ድምፅ ሲያወሩ አንድ ሜትር ርቀት ላይ 60 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ ነው) ግድም ነው። ክፍት ቦታ ላይ ርቀቱ በእጥፍ በጨመረ ቁጥር 6 ዴሲቤል ይቀንሳል። ስለዚህ 16 ሜትር ርቆ ለተኛ ሰው ያ የአንድ ሰው ድምፅ 36 ዴሲቤል ሆኖ ይደርሰዋል። ይህ ምንም አይደለም። አሥር ሰው በአንድ ጊዜ ሲያወራ ግን 10 ዴሲቤል ይጨመራል፤ 46 ይሆናል። እዚህ ውስጥ ሙዚቃ የለም። ሳቅም የለም። ዝም ብሎ ወሬ ነው።

ሙዚቃው ሲጨመር ሌላ ነገር ይመጣል። ሰው ጫጫታ ውስጥ ሲቀመጥ ሳያውቀው ድምፁን ከፍ ያደርጋል። ኤቲየን ሎምባርድ የተባለ ፈረንሳዊ የአንገት በላይ ሐኪም ይህን በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ አስተውሎ ጽፎታል፤ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ደጅ ላይ ሁሌ የምናየው ነው። ሙዚቃው ትንሽ ይጨምራል፤ ሰው ለመሰማማት ይጮኻል። ሰው ሲጮኽ ሙዚቃው አልሰማ ይላል፤ ባለቤቱ ይጨምራል። በሦስት ሰዓት የነበረው ድምፅና በአምስት ሰዓት ያለው አይገናኝም። ማንም ግን «እኔ ጨመርኩ» አይልም፤ ቀስ በቀስ ስለሆነ አላወቀውም። ስለዚህ ሙዚቃውን መቀነስ ሁለት ጊዜ ይጠቅማል። ራሱ ይቀንሳል፣ ሰዉም አብሮ ይቀንሳል።

ቤዙ ደግሞ የብቻው ጉዳይ ነው። ቀጭኑ ድምፅ ግድግዳ ላይ ይቀራል። ወፍራሙ ድብደባ ያልፋል። እማማ የዘፈኑን ግጥም አይሰሙም፤ ድም ድም የሚለውን ግን ደረታቸው ላይ ይሰሙታል። ደጅ ላይ ያለ ደንበኛ ቤዙ ቢቀነስ ብዙም አይታወቀውም። ይህ የአንድ ቁልፍ ጉዳይ ነው።

ሌሊቱ ራሱም ይጨምርበታል። ቀን መሬቱ ሞቆ ድምፅን ወደ ላይ ይወስደዋል። ጥርት ባለና ነፋስ በሌለበት ሌሊት ግን መሬቱ ቀዝቅዞ ከሥር ያለው አየር ይቀዘቅዛል፤ ድምፁ ወደ ታች ታጥፎ ራቅ ብሎ ይሄዳል። የሐይቅ ውኃ ደግሞ ድምፅን አይውጥም፤ ያንሸራትተዋል። «ስፒከሩን ወደ ጣና አዙሬዋለሁ፣ ማንን ይረብሻል?» የሚሉ የሐይቅ ዳር ቤቶች አሉ። ጣና ዳር በዝምታ የቆመ ሰው በታንኳ የሚሄዱ ሰዎችን ወሬ ከሩቅ ይሰማል። ከባሕሩ ወዲያ ማዶ ያለው ሰውም እንዲሁ የእኛን ሙዚቃ ይሰማል። ወደ ውኃ የዞረ ስፒከር ጎረቤት ቀየረ እንጂ ጎረቤት አላጣም።

ሕጉ ምን ይላል? ብዙ ሰው ይህ በሽምግልና ብቻ የሚያልቅ ይመስለዋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 1225 ባለ ይዞታ በመብቱ ሲጠቀም ጎረቤቱን እንዳያውክ ይደነግጋል። ጭስ፣ ጥላሸት፣ መጥፎ ሽታ፣ ድምፅና ንዝረት ይጠቅሳል፤ ከመልካም ጉርብትና ልክ እንዳያልፉ ይላል። የአካባቢውን ልማድም ከግምት ያስገባል። ይህ አንቀጽ ሞንታርቦ ባልነበረበት ዘመን ተጽፎ ዛሬም ልክ ነው። ከዚያ በኋላ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ድምፅንም ደረጃ ሊወጣለት የሚገባ ብክለት አድርጎ ቆጠረው። በአገሪቱ የአካባቢ ደረጃ መመሪያ መኖሪያ ሰፈር ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። ንግድ አካባቢ ቀን 65፣ ሌሊት 55 ነው። ሌሊት የሚባለው ከምሽቱ 3 ሰዓት ይጀምራል፤ እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ነው።

አሁን ከላይ ያሰላነውን አስታውሱ። አሥር ሰው ያለ ሙዚቃ ሲያወራ 46 ነው። የመኖሪያ ሰፈር የሌሊት ወሰን 45 ነው። ማለትም ደጁ ላይ ሰው እስካለ ድረስ፣ ሙዚቃ ቢጠፋም፣ ቅርብ ያለው መስኮት ጋ ወሰኑ ሊታለፍ ይችላል። ለዚህ ነው «ሙዚቃውን ቀንሻለሁ፣ ሌላ ምን ላድርግ?» የሚለው መልስ የማይበቃኝ። ፊቱ ንግድ ጀርባው መኖሪያ ለሆነ ቤት ደግሞ የትኛው ቁጥር ይያዝ የሚል ክርክር ይነሣል። እኔ መልሱ አያጠራጥረኝም። የሚለካው የሚተኛው ሰው መስኮት ላይ ነው። እንቅልፍ የሚጠፋው እዚያ ነውና።

የዚህ ጠብ ታላቅ ምሳሌ ያለው ጀርመን ነው፤ ሙኒክ አጠገብ። ባቫሪያ ውስጥ ሰው ዛፍ ሥር ረጅም አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ቢራ የሚጠጣበት ግቢ የቆየ ባህል ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 ጎረቤቶች ከሰሱ፤ ፍርድ ቤት አንድ የታወቀ ግቢ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ተኩል እንዲዘጋ ወሰነ። ሕዝቡ ተቆጣ። በአደባባይ ሰልፍ ወጣ፤ 20 ሺህ ግድም ሰው። መንግሥት ቸኩሎ ደንብ አወጣ። ያንን ደንብ ደግሞ ከፍተኛው የአስተዳደር ፍርድ ቤት በ1999 ሻረው፤ ለጎረቤት በቂ ጥበቃ አይሰጥም ብሎ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ አዲስ ደንብ ወጣ፤ እስከ ዛሬ የሚሠራው እሱ ነው።

የዚያ ደንብ ብልሃት ሰዓቱን በሦስት መክፈሉ ነው። ሙዚቃ በአራት ሰዓት ይቆማል። ትእዛዝ በአራት ተኩል ያበቃል። አምስት ሰዓት ላይ ግቢው ይዘጋል፤ ሰዉም ሄዷል። ይህን ሳነብ የእኛ ሰፈር ችግር ቁልጭ ብሎ ታየኝ። እኛ አገር መዝጊያ ሰዓት ሲባል አንድ ሰዓት ነው። እስከዚያች ደቂቃ ሁሉም ነገር እንደተከፈተ ነው፤ ሙዚቃውም፣ ትእዛዙም፣ ሳቁም። ከዚያ ድንገት «ዝጉ» ይባላል። ሰው ተነሥቶ በር ላይ ይቆማል። የእኛ ስንብት ደግሞ ቶሎ አያልቅም። «እኔ ልክፈል፣ አንተማ አትከፍልም» ይባላል። ይተቃቀፋል። «ነገ ደውል» ይባላል። እንደገና አንድ ወሬ ይጀመራል። ባጃጅ ይጠራል፤ ባጃጁ ክላክስ ያደርጋል። ከጀርባ የብረት ወንበር ሴራሚክ ላይ ይጎተታል፤ ባዶ ጠርሙስ ሣጥን ውስጥ ይደረደራል። ለተኛ ሰው ከዘፈኑ ይልቅ ይህ የመዝጊያ ሰዓት ይከፋል። ዘፈን ቢያንስ አንድ ዓይነት ነው፤ ጆሮ ይለምደዋል። ወንበር ሲጎተት ግን ማንም ይነቃል።

እኛም በሦስት ከፈልነው። ከእሑድ እስከ ሐሙስ ደጅ ያለው ስፒከር ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ይጠፋል። ደጅ ላይ ትእዛዝ አራት ሰዓት ያበቃል። አራት ተኩል ላይ ወንበሮቹ ይነሣሉ። የሚፈልግ ውስጥ ይገባል፤ ውስጡ እንደ ፈቃዱ ይቀጥላል። ዓርብና ቅዳሜ እያንዳንዱ በአንድ ሰዓት ይገፋል። ወንበር አይጎተትም፣ ይነሣል፤ እግሩ ላይም የጎማ ቁራጭ ተደርጎለታል። ባዶ ጠርሙስ የሚደረደረው ጠዋት ነው። ባጃጆቹ ማዕዘኑ ላይ ይጠብቃሉ። ባለቤቱ ስልኩን ለግንብ ተጋሪዎቹ ሰጠ፤ ቅሬታ ያለው ወደ ቢሮ ከመሄዱ በፊት ለእሱ ይደውላል። የበዓል ዋዜማ የተለየ ነው፤ ግን ቀድሞ ይነገራል። የ12ኛ ክፍል ፈተና ሳምንት ደጁ ላይ ሙዚቃ ጭራሽ የለም። ይህን የመጨረሻውን ያቀረበው ባለቤቱ ራሱ ነው። የእህቱ ልጅ ተፈታኝ ነበረች።

ሁሉም ነገር ተስተካከለ አልልም። መጀመሪያ ላይ ባለቤቱ ተጎዳ። አራት ተኩል ላይ «ውስጥ ግቡ» ሲባል ሒሳብ ከፍሎ ወደ ሌላ ቤት የሚሄድ ደንበኛ ነበረ። ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ያለው ቤት እስከ ስድስት ሰዓት ደጅ ያስቀምጣል። ይህ ያናደደኝ ነገር ነው። ደግ የሠራ ሰው ገበያ እያጣ፣ ጆሮ ዳባ ልበስ ያለው ይጠቀማል። ከጊዜ በኋላ የእኛው ግሮሰሪ ደንበኛ ቀደም ብሎ መምጣት ጀመረ፤ ከሥራ እንደወጣ በአሥራ አንድ ተኩል የሚቀመጥ በዛ። አስተናጋጆቹም ባጃጅ ሳይጠፋ ወደ ቤታቸው መሄድ መቻላቸውን ወደዱት። በሌሊት ብቻዋን የምትሄድ ሴት ጭንቀት ማንም በሒሳብ ውስጥ አያስገባውም ነበር።

ግን አንድ ቤት ብቻውን ሊሸከመው አይገባም። ከተማው ማድረግ ያለበት ነገር ይታየኛል፤ ደጅ ላይ ወንበር ማስቀመጥን ከንግድ ፈቃዱ ለይቶ ማየት። ንግድ ፈቃድ ለቤቱ ነው። ደጁ ግን በከፊል የመንገደኛው ነው፣ በከፊልም የጎረቤቱ አየር ነው። ስለዚህ የራሱ ፈቃድና የራሱ ሰዓት ይኑረው። ሰዓቱ በዚያ መንገድ ላይ ላሉ ቤቶች ሁሉ አንድ ይሁን። በር ላይ ይለጠፍ፤ ደንበኛም ጎረቤትም ያንብበው። በየዓመቱ ሲታደስ ግንብ የሚጋሩት ሰዎች ይጠየቁ። ባለቤትን ለማስጨነቅ አይደለም። ሰዓቱ ለሁሉም አንድ ሲሆን ቀድሞ የሚዘጋ አይከስርም።

ይህን ሳነሣ ሁሌ አንድ መልስ ይመጣብኛል፤ «የቤተ ክርስቲያንና የመስጊድ ድምፅ ማጉያስ?» ይሉኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔ ሰዓታቱን ሰምቼ ስነቃ ደስ ይለኛል፤ ታማሚ ያለበት ቤት ግን ማጉያው ወደ መስኮቱ ባይዞር ይመርጣል። እዚያም ቢሆን የሰፈር ሽማግሌ ሄዶ ቢያናግር የሚሰማ አባት አይጠፋም። ነገር ግን የአንዱን ድምፅ ለሌላው መከላከያ ማድረግ የተኛውን ሰው ሁለት ጊዜ መቀስቀስ ነው።

ሌላም አለ። «ከተማ ውስጥ መኖር የፈለገ ድምፅ ይቻል፤ ጸጥታ የፈለገ ገጠር ይግባ» የሚሉ አሉ። እነዚህ ሰዎች ጎረቤቱ ከግሮሰሪው በፊት እዚያ እንደነበረ ይረሳሉ። በእኛ ሰፈር እማማ ቤታቸውን የሠሩት አስፋልቱ ሳይመጣ ነው። በተቃራኒው ከቆየ መጠጥ ቤት አጠገብ አዲስ ፎቅ ሠርቶ በነጋታው የሚከስም አለ። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ2018 የፕላን መመሪያቸው ውስጥ ለዚህ መልስ አስገብተዋል፤ አዲስ የመጣው ወገን ድምፁን የመከላከል ወጪ ይሸከም የሚል። ፍትሐዊ ነው እላለሁ። ባሕር ዳር በፍጥነት ፎቅ እየሠራች ነው፤ ይህ ክርክር ሩቅ አይሆንም።

ጸጥታን ስፈልግ ግን የትኛውን ጸጥታ እንደምፈልግ ግልጽ ይሁን። ይህች ከተማ ሰዓት እላፊ ታውጆባት በጊዜ የተዘጋችባቸውን ምሽቶች አይታለች። ያኔ ደጅ ወንበር አልነበረም፣ ሙዚቃ አልነበረም፣ ባጃጅ አልነበረም። እንቅልፍ ግን አልነበረም። ሰው ጆሮውን አቁሞ ነበር የሚያድረው። እማማ በዚያ ስብሰባ ላይ ይህንንም አንሥተዋል፤ «ያ ጊዜ ይመለስ አላልኩም። የሰው ሳቅ መስማት ደግ ነው» አሉ። ለዚህ ነው ቤቶቹ ይዘጉ ከሚሉት ጋር የማልስማማው። እኔ የምፈልገው ሳቁ በታወቀ ሰዓት ወደ ውስጥ እንዲገባ ነው።

አሁን የቀረን ኳስ ነው። አብዛኛው የሻምፒዮንስ ሊግ ጨዋታ በክረምታቸው ወራት በእኛ ከምሽቱ አምስት ሰዓት ይጀምራል፤ ሰዓታቸውን ሲቀይሩ አራት ሰዓት ይሆናል። ማለትም ወንበሮቹ መነሣት ሲገባቸው ነው የሚጀምረው። ባለቤቱ ለዚህ ብሎ ትልቅ ስክሪን ደጅ ሰቅሏል። «ከወሩ ምርጥ ምሽቶቼ ናቸው፤ ይህን አትንኩብኝ» ይላል። የሚያየው ደግሞ ከሌላ ሰፈር የመጣ አይደለም፤ የእማማ የልጅ ልጅም እዚያው ቆሞ ነው የሚጮኸው። ጎል ሲገባ ያለው ጩኸት በምንም ቁልፍ አይቀነስም።

እኔ ያቀረብኩት ስክሪኑ ውስጥ ይግባ፣ ለግማሽ ፍጻሜና ለፍጻሜ ብቻ ደጅ ይውጣ፣ ያኔም የኮሜንታተሩ ድምፅ ከውስጥ ብቻ ይሰማ የሚል ነው። ባለቤቱ ከሩብ ፍጻሜ ይጀምር ይላል። ነርሱ አይስማማም፤ ተረኛ በሚሆንበት ሳምንት ስክሪኑ ቢያርፍ ግን ሊደራደር ይችላል። እማማ ፍጻሜው ብቻ ከሆነ ይሁን ብለዋል፤ ቀኑን ቀድመው ይንገሩኝ እንጂ ብለው። የእድሩ ዳኛ በሚቀጥለው ወር መጀመሪያ እንደገና ይሰበስቡናል። የነርሱን የተረኛነት ፕሮግራምና የጨዋታዎቹን ሰሌዳ ይዘን እንድንመጣ አዘውናል።